ስለ ድሮ የቤት ኮምፒውተርና ጌም ጠይቁኝ

እሺ ጠይቁ። ከሁሉም በፊት ግን፦ ኮሞዶር 64 የሚባለው የቤት ኮምፒውተር የድሮ ፓወር ሰፕላይ (መብራት የሚሰጠው ሳጥን) ሳይለካ አይሰካ! 5 ቮልቱ ሲያረጅ ከፍ ይልና ሚሞሪውን ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ጌም በካሴት ነበር የሚሸጠው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ያው ዘፈን የምንሰማበት ካሴት ነው። ስፔክትረም የሚባለው የቤት ኮምፒውተር በ1982 በፈረንጆቹ እንግሊዝ ሲወጣ ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ ባለ 48ቱ 175 ነበር፣ ካሴት ማጫወቻ ደግሞ ቤት ውስጥ አለ። በሽቦ ታገናኘዋለህ፣ የጄን (J) ቁልፍ ስትጫን ሎድ (ጫን) የሚለው ቃል ሙሉውን ይመጣል፣ ሁለት ጥቅስ ትጨምርና ቴፑን ታስነሳለህ። ያ ጆሮ የሚበሳው ጩኸት ራሱ ጌሙ ነው፤ አጭሩ ምት ዜሮ፣ እጥፍ የሚረዝመው አንድ። የቲቪው ጠርዝ ላይ ቢጫና ሰማያዊ መስመር ይራወጣል፣ ስዕሉ ብዙ ጊዜ ነጭ ላይ በጥቁር ይመጣና መጨረሻ ላይ ቀለሙ ድንገት ይፈስበታል ምክንያቱም 6144 ባይቱ ነጥብ ካለቀ በኋላ ነው 768 ባይቱ ቀለም የሚከተለው። ሙሉ 48ቱን ለመጫን 5 ደቂቃ ገደማ፣ አራተኛው ላይ ቴፕ ሎዲንግ ኢረር (የመጫን ስህተት) ካለህ እንደገና ከዜሮ።

ጥያቄ፦ ለምንድነው እምቢ የሚለው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሄዱ (ቴፑን የሚያነበው ብረት) ቆሽሾ ነው፣ ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጥረገው። ካልሆነ ሄዱ ዘሟል ማለት ነው፣ ጎኑ ያለችውን ትንሽ ብሎን ቀስ አድርገህ እያዞርክ ድምፁ ጥርት የሚልበት ጋ ተዋት። ቴፕ ካሴት ሲበላበት እስክሪብቶ ከትቶ ያጠነጠነ ሰው ይሄ አይከብደውም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጌም ፖንግ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። የራልፍ ቤር ኦዲሴይ፣ ቲቪ ላይ የሚሰካ የቤት ጌም ማጫወቻ፣ ፖንግ በወጣበት በ1972 ቀድሞ ወጥቷል።

ሌላ አባል፦ ስፔስዋር የሚባለው ጌምስ? 1962 እኮ ነው!

ሌላ አባል፦ እሱ የዩኒቨርሲቲ ማሽን ላይ ነው፣ እዚህ የምናወራው ስለ ቤት ነው።

ሌላ አባል፦ ፖንግም መጀመሪያ ቡና ቤት ነበር እኮ፣ ታዲያ እሱን ማን አመጣው?

መልስ፦ ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ።

ጥያቄ፦ የጌም ኩባንያው አታሪ ካርትሪጅ (ጌም ያለበት የሚሰካ ሳጥን) በረሃ ቀበረ የሚባለውስ?

መልስ፦ እውነት ነው። ኒው ሜክሲኮ፣ 1983። በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን? ለድምፅ ኮሞዶር። ጥያቄህን አብራራ።

ጥያቄ፦ ኮሞዶር 64 ገዝቼ ጥቁር ስክሪን ብቻ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፓወሩን ለክተሃል?

ጠያቂው፦ መለካት አለበት እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፈጣሪ! የመጀመሪያውን መስመር አንብበው።