ብረቱን ከሻይ፣ ካልሲየሙን ከብረት አራርቂ

«የ11 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። መልቲቫይታሚን፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር አንድ ላይ እውጣለሁ፤ በጣም ያቅለሸልሸኛል። ብርዱ ስለገባ ጉንፋን እንዳይዘኝ የዓሣ ጉበት ዘይትና ቫይታሚን ሲ ልጨምርበት ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። መልሴ፦ ምንም አትጨምሪ። ያለሽ ይበቃሻል፤ የተበላሸው ሰዓቱ ነው። የዓሣ ጉበት ዘይቱን ግን ጭራሽ ተይው፤ ምክንያቱን እታች ታገኚዋለሽ።

ከብረቱ ልጀምር። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ታኒን አንጀት ውስጥ ብረቱን ይይዘውና ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ካልሲየምም የብረቱን መግቢያ ይሻማል። ስለዚህ አራቱን በአንድ ጉርሻ ከሻይ ጋር የምትውጥ እናት ኪኒኑን በየቀኑ ሳታጓድል እየወሰደች ደሟ አልነሳ ሊላት ይችላል። ከዚያ «ብረት ለእኔ አይሠራም» ይባላል፣ መጠኑ ይጨመራል፣ ማቅለሽለሹ ይብሳል። እንዲህ አድርጊው፦ መልቲቫይታሚኑንና ቫይታሚን ዲውን ከቁርስ ጋር፤ ቫይታሚን ዲ በስብ ስለሚሟሟ ትንሽ ቅባት ያለው ምግብ ይረዳዋል። ካልሲየሙን ከምሳ ጋር፤ ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ በደንብ ስለማይመጥ፣ የታዘዘልሽ ከዚያ ከበለጠ ለሁለት ክፈይው። ብረቱን ማታ፣ እራት ከበላሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ። ወተት፣ ሻይ፣ ቡናና የጨጓራ ማስታገሻ ከብረቱ በፊትም በኋላም ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ይራቁ። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ከብረትም ከካልሲየምም አራት ሰዓት ይለይ።

በባዶ ሆድ ካቅለሸለሸሽ ትንሽ ነገር ቅመሽበት። የሚገባው ብረት ይቀንሳል፣ ግን ውጦ ከማስመለስ ይሻላል። እንደዚያም ሆኖ ካልቻልሽው ዝም ብለሽ አታቋርጪ፤ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ዓይነቱን ሊቀይርልሽ ወይም ቀን አለፍ እያልሽ እንድትወስጂ ሊያደርግ ይችላል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ብረቱ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና በጣም የሚሸት ከሆነ ግን ታዪ። የሆድ ድርቀቱን በውሃ፣ በአትክልትና በእግር ጉዞ ያዢው።

አሁን የብረቱን ማሸጊያ አንሺና አዙሪው። ፊት ለፊት በትልቁ «ፌረስ ሰልፌት 200 ሚሊግራም» ቢል፣ ያ የጨዉ፣ ማለትም ብረቱ ከሌላ ነገር ጋር የተዋሐደበት ውህድ፣ ክብደት ነው፤ ውስጡ ያለው ንጹሕ ብረት 65 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ፌረስ ግሉኮኔት 300 ከሆነ ደግሞ 35 ያህል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም የሚለው ይህን ንጹሑን ብረት ነው። 200 የሚለውን አይተው ደንግጠው ኪኒኑን ለሁለት የሚሰብሩ ብዙ ናቸው። ሄሞግሎቢንሽ (በምርመራ የሚታየው የደም መጠንሽ) ከ11 በታች ከሆነ (በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ከ10.5 በታች) ሐኪሙ ከዚህ ከፍ ያለ ሊያዝልሽ ይችላል።

ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። የሽሉ የነርቭ ቱቦ (ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው) ከተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ስለሚዘጋ፣ ከማርገዝ በፊት ጀምሮ ቢያንስ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል፤ ብረቱ ጋር አብሮ ያለው ከሆነ ከዚያ በኋላም ቀጥይበት። ስኳር ያለባት፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወይም ከዚህ በፊት የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ ያረገዘች እናት 5 ሚሊግራም በሐኪም ይታዘዝላታል። እዚህ ላይ አደራ፦ 5 ሚሊግራም ለመሙላት ብሎ መልቲቫይታሚን ደራርቦ መዋጥ አደገኛ ነው፤ ፎሊክ አሲዱ ሲደረብ ቫይታሚን ኤውም አብሮ ይደረባል።

የዓሣ ጉበት ዘይቱን የከለከልኩሽም ለዚህ ነው። ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት በቀን ከ10,000 አይ.ዩ. (አይ.ዩ. የቫይታሚን መለኪያ ነው፤ ይህ 3,000 ማይክሮግራም ይሆናል) ሲያልፍ ሽሉን ሊጎዳ ይችላል፣ አንቺ አሁን ያለሽበት የመጀመሪያው ሦስት ወር ደግሞ ዋናው ጊዜ ነው። ጉበትም በሬቲኖል የተሞላ ስለሆነ በእርግዝና ወቅት አይበላም። መልቲቫይታሚንሽ ላይ «ቤታ ካሮቲን» የሚል ከሆነ ችግር የለውም፤ «ሬቲኒል ፓልሚቴት» ወይም «አሲቴት» ካለ ቁጥሩን እይ።

ቫይታሚን ዲ ፀሐይ በጠፋበትና ሰው ተሸፋፍኖ በሚውልበት ወቅት ያስፈልጋል፤ ከ400 እስከ 600 አይ.ዩ. በቀን ይበቃል። 40 አይ.ዩ. 1 ማይክሮግራም ነው፣ ስለዚህ አንዱ ማሸጊያ 10 ማይክሮግራም፣ ሌላው 400 አይ.ዩ. ቢል አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም አትውሰጂ። በሳምንት አንዴ የሚዋጠውን የ50,000 አይ.ዩ. እንክብል በየቀኑ የሚውጡ ስላሉ የታዘዘልሽን አጣሪ። ቫይታሚን ሲ በቀን 85 ሚሊግራም ነው፤ መልቲቫይታሚኑና ፍራፍሬው ይሸፍነዋል። ውሃ ውስጥ አረፋ እያወጣ የሚሟሟው ባለ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ጉንፋን እንዳይዝ አያደርግም፤ ሆድሽን ግን ሊያውክ ይችላል።

በጉንፋን ወቅት በእርግጥ የሚጠብቅሽ የኢንፍሉዌንዛ (ከተራው ጉንፋን የሚከብደው) ክትባት ነው። በእርግዝና ሳንባና ልብ ቀድሞም ጫና ላይ ስለሆኑ ኢንፍሉዌንዛ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው ይልቅ ይጥላል። በመርፌ የሚሰጠው በየትኛውም ወር ይወሰዳል፤ በአፍንጫ የሚነፋው ሕያው ቫይረስ ስላለው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ያንቺ መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ለሕፃኑም ይተላለፋል፤ እሱ ራሱ እስከ ስድስት ወሩ ስለማይከተብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው እጅን በሳሙና ለ20 ሴኮንድ መታጠብ ነው። ቤት ለማሞቅ ከሰል ዘግተሽ አታንድጂ፤ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከአንቺ ይልቅ ፅንሱን ይጎዳል።

ከያዘሽ ደግሞ አፍንጫ ሲደፈን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተሠራ የጨው ውሃ ተጠቀሚ። ትኩሳት 38 ከደረሰ አትታገሺው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፤ ፓራሲታሞል ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4,000 ሳያልፍ። በሙቅ ውሃ የሚበጠበጡት የጉንፋን ዱቄቶች አብዛኞቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ከፓራሲታሞል ኪኒን ጋር አብረሽ አትውሰጂያቸው። አይቡፕሮፌን ይቅር። ሱዶኤፌድሪን (የተደፈነ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት) ያለበትንም አሁን አትንኪ።

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትኩሳቱ በመድኃኒት ካልወረደ፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ፣ ወይም ወራቱ ሲገፋ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው።