ለ14 ኮምፒውተር ርካሹ አንቲቫይረስ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ነኝ፣ ግን ኮምፒውተር ትንሽ ስለምነካካ ሳላስበው የቢሮው አይቲም ሆኜ ቀርቻለሁ። 14 ኮምፒውተር አለን፣ የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ አንዱ ላይ ተጭኖ ሌሎቻችን በኔትወርክ እንገባለን። ባለፈው አንድ ሰው የጨረታ ሰነድ በፍላሽ ይዞ መጣ፣ ከዛ ወዲህ የሰካነው ፍላሽ ሁሉ ፎልደሩ ሾርትከት እየሆነ አስቸገረን። አለቃዬ "ነጻውን አውርጂና ጫኚ" ይለኛል፣ አንድ የማውቀው ልጅ ክራክ የሆነ ካስፐርስኪ ሊጭንልኝ ፈልጓል፣ መገናኛ ካለ ሱቅ ያመጣሁት ፕሮፎርማ ደግሞ አለቃዬን አስቆጣው። እባካችሁ ርካሽ ግን የሚሰራውን ንገሩኝ።
ሳላስበው አይቲ የሆንኩት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ በዚች ከተማ ስንቱ የቢሮ አይቲ እንዳንቺው ሳያስበው የገባ ነው።

መጀመሪያ ሾርትከቱን እንጨርስ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርገው። ፋይሎቹ አልጠፉም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው በዛው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል፣ አንቺ ስትከፍቺው መጀመሪያ ራሱን ያስነሳና ከዛ ፎልደሩን ይከፍትልሻል፣ ስለዚህ ምንም የተፈጠረ አይመስልሽም። ችግሩ አንዱን ኮምፒውተር አጽድተሽ ፍላሹ ሌላው ላይ ሲሰካ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ስለዚህ እሁድ ቀን ሰው በሌለበት ግቢ፣ የኔትወርክ ገመዱን ከሁሉም ንቀይ፣ 14ቱንም በአንድ ቀን አጽጂ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሱትን ፍላሾች ጭምር። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ካልሽ በቃ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

በምን ላጽዳ ካልሽ ዊንዶውሱ ውስጥ ባለው ዲፌንደር። አለቃሽ "ነጻውን" ሲሉ አቫስትን አስበው ይሆናል፣ እሱ ግን ነጻ የሆነው ለቤት ነው፣ ለድርጅት ላይሰንሱ አይፈቅድም። ደግሞ በነጻ የሚሰጥ ሰው ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ ደግ ነው፣ አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ሲሸጥ ተይዞ በፈረንጆቹ 2024 አሜሪካ ውስጥ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ዲፌንደር ግን ከዊንዶውሱ ጋር የመጣ ነው፣ ቢሮም ውስጥ ብትጠቀሚበት የሚከለክልሽ የለም። ድሮ እንስቅበት ነበር፣ አሁን ግን ጀርመን ያለው ኤቪ ቴስት የሚባለው ላብ ሲፈትነው ከሚከፈልባቸው ጋር እኩል የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታዲያ ዲፌንደር እያለ ቫይረሱ እንዴት ገባ? ግምቴን ልንገርሽ፣ ጠፍቶ ነው። ዊንዶውሱን ወይ ኦፊሱን በክራክ አክቲቬት ያደረገው ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ዲፌንደርን ማጥፋት ነው፣ ካላጠፋው አክቲቬተሩን ይበላበታላ። አንዳንዱ ደግሞ ሳያጠፋ መላውን ሲ ድራይቭ "እዚህ አትፈትሽ" ብሎ ይሄዳል፣ አረንጓዴ ምልክቱ በርቶ ታይዋለሽ ግን ምንም አይፈትሽም። ስለዚህ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብተሽ ኤክስክሉዥን የሚለውን እዪ፣ የማታውቂውን ሁሉ አውጪው፣ ዲፌንደርን ሌላ ፕሮግራም እንዳያጠፋው የሚከለክለውን ታምፐር ፕሮቴክሽንን አብሪ፣ ከዛ ኦፍላይን ስካን የሚለውን አሰሪ፣ ዊንዶውሱ ሳይነሳ በፊት ስለሚፈትሽ የተደበቀውን ያወጣዋል። ኔት ሲያስቸግር አፕዴቱን አንድ ቦታ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርደሽ በንጹህ ፍላሽ ማዞር ይቻላል፣ ከ100 ሜጋ በላይ ነው ግን 14 ጊዜ ከማውረድ ይሻላል።

ክራክ ካስፐርስኪውን ተዪው። ያ ማለት ሌባን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር ነው። አንቲቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ ከማንም በላይ ስልጣን ያለው ፕሮግራም ነው፣ እሱን ማን እንደነካካው ሳታውቂ ልትጭኚ ነው? ቴሌግራም ላይ በርካሽ የሚሸጠው የላይሰንስ ኪይም ያው ነው፣ ለስንት ሰው እንደተሸጠ አይታወቅም፣ ሦስት ወር ሰርቶ ይታገድና ሻጩ አካውንቱን ቀይሮ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ መክፈሉ። እኔ እምለው፣ በ14 ኮምፒውተር የምትከፍዪው ቫይረስ ለመግደል አይደለም፣ እሱን ዲፌንደርም ይሰራዋል። የምትከፍዪው ለኮንሶሉ ነው፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብለሽ የማን ኮምፒውተር አፕዴት እንዳላደረገ፣ ማን አጥፍቶት እንደሚሰራ፣ ፍላሽ ማን ጋ እንደተሰካ የምታይበት። ቢትዲፌንደር ግራቪቲዞን፣ ኢሴት ፕሮቴክት፣ የካስፐርስኪ የቢዝነሱ፣ ሁሉም ይሄ አላቸው፣ በመሀከላቸው ያለው ልዩነት ላንቺ ቢሮ ያን ያህል አይደለም። ኮንሶል የሌለው የቤት ላይሰንስ በ14 ብታበዢው ግን 14 የተለያየ ራስ ምታት ነው የገዛሽው። ማይክሮሶፍትም ዲፌንደር ፎር ቢዝነስ የሚባል አለው፣ በፈረንጆቹ 2022 ለብቻው መሸጥ ሲጀምር በሰው በወር 3 ዶላር ነበር፣ ጥሩ ነው ግን ኦንላይን ለመግዛት የዶላር ካርድ ይፈልጋል፣ ያ ለስንቶቻችን እንደሚከብድ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቢ፣ ግን ዋጋውን ብቻ አትጠይቂ። ፒችትሪው ያለበት ማሽን ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ በላይሰንሱ ይካተታል ወይ? ኪዩ ኢትዮጵያ ውስጥ አክቲቬት ይሆናል ወይስ ለሌላ አገር የተሰራ ነው? የሚቀጥለው ዓመት እድሳት በስንት ነው? የመጨረሻዋን አትርሺ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሆነ ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ አለቃሽ ካመኑ የሁለት ወይ የሦስት ዓመቱን አንዴ መውሰድ ያዋጣል። ከመክፈልሽ በፊት ግን የ30 ቀን ሙከራውን ውሰጂና ቢሮው ውስጥ በጣም ቀርፋፋው ኮምፒውተር ላይ ጫኚው፣ እሱ ላይ ከሰራ ሁሉም ላይ ይሰራል።

ፒችትሪው ከጫንሽ በኋላ ከተንቀረፈፈ የዳታ ፎልደሩን ብቻ ከፍተሻ አውጪ፣ ድራይቩን በሙሉ እንዳታወጪ አደራ። ባክአፑን ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገሽ ንቀይው። እኔ አንድ ቢሮ ስሰራ ባክአፕ አለን ብለን ኮርተን ዲስኩ ሰርቨሩ ላይ እንደተሰካ ነበር የሚያድረው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ሲገባ ኦሪጅናሉንም ባክአፑንም አንድ ላይ ቆለፈልን፣ የአምስት ወር ሂሳብ ከወረቀት ላይ እንደገና መዘገብን። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4፣ 2018 ጀምሮ መደበኛ አፕዴቱ ቆሟል። በ2017 በፈረንጅ ከ150 በላይ አገር ያዳረሰው ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር የገባው ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ማስተካከያ ያወጣለትን ቀዳዳ ባልደፈኑ ኮምፒውተሮች ነው፣ አንዱ ከተያዘ ሌላውን በኔትወርኩ ራሱ ያገኘዋል፣ ሰው ምንም መንካት የለበትም። ስለዚህ ከ14ቱ ስንቱ ወደ 11 እንደሚሄድ ቁጠሪ፣ የማይሄደውን ፒችትሪው ካለበት ማሽን አርቂው።

ጥያቄ፦ ሁለት አንቲቫይረስ አብሬ ብጭን ይጠነክራል? ኢንተርኔት ካፌ ነው ያለኝ።
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ኮምፒውተሩም ይሞታል። አንዱን ያዝ። ለካፌ ይልቅ ደንበኛው አድሚን ባልሆነ አካውንት እንዲገባ አድርግ፣ የሚጭነው አብዛኛው ነገር ያኔ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቀዋል።

ጥያቄ፦ የድርጅታችን ፋይሎች በሙሉ መጨረሻቸው ላይ የማይታወቅ ፊደል ተጨምሮ አይከፈቱም፣ ዶላር ክፈሉ የሚል ጽሁፍም አለ። አንቲቫይረስ ብገዛ ይመለሱልኛል?
ከሀዋሳ

መልስ፦ አይመለሱም፣ አንቲቫይረስ ቫይረሱን ያወጣል እንጂ የተቆለፈውን አይከፍትም። ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ይንቀሉት፣ ፎርማት አያድርጉ። ኖ ሞር ራንሰም የሚባል፣ ዩሮፖልና የሆላንድ ፖሊስ ከአንቲቫይረስ ድርጅቶች ጋር ሆነው በፈረንጆቹ 2016 የጀመሩት ድረ ገጽ አለ፣ ከተቆለፈው አንድ ፋይልና የማስፈራሪያውን ጽሁፍ ሲያስገቡ መክፈቻ ካለው በነጻ ይሰጥዎታል። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) ያሳውቁ። መክፈቻ ዛሬ ባይገኝ እንኳ የተቆለፉትን ፋይሎች ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ፣ ከዓመት በኋላ ቁልፉ የወጣለት አለ። ገንዘቡን ግን አይክፈሉ፣ ከፍለው ምንም ያላገኙ አውቃለሁ።