ዶላር ሲጨምር መጋዘን ያለውን ዕቃ በስንት ትሸጣለህ?

ወንድሜ፣ «ጀሪካን አመርታለሁ፤ ዶላር በጨመረ ቁጥር ዋጋ ልጨምር ወይስ ደንበኛ እንዳይሸሽብኝ ልቻለው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔንም ያቃጠለኝ ጉዳይ ነውና ትንሽ ላስረዝመው።

1ኛ፦ መጋዘን ያለህን ዕቃ በገዛህበት ሒሳብ አትሽጥ። በምትተካበት ሒሳብ ሽጥ። እኔ ይህን የተማርኩት በ2016 ክረምት ነው። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ። በማግስቱ የመርካቶ ደንበኞቼ ስልኬን አጨናነቁት። «በድሮው ዋጋ ነው አይደል? ያለህን ሁሉ ጫንልን!» እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ሦስት አይሱዙ ሙሉ ጀሪካን በአራት ቀን ወጣ። ለባለቤቴ ደውዬ «ዘንድሮ ቀናን» አልኳት። የጀሪካን ጥሬ ዕቃ የሚመጣው በዶላር ነውና፣ ሰዎቹ ለካ ከእኔ ርካሽ ዶላር እየገዙ ነበር።

2ኛ፦ ኤልሲ፣ ማለትም ባንክህ የውጭ አገር ሻጩን «ሰነዱ ሲደርሰኝ እከፍልሃለሁ» ብሎ የሚገባለት ዋስትና። ዓመት ሙሉ ወረፋ ጠብቄ የ30 ሺህ ዶላር ጥሬ ዕቃ ተፈቅዶልኝ ነበር። 30 በመቶውን አስይዣለሁ፤ የቀረውን የጭነቱ ሰነድ ባንክ ሲመጣ ልከፍል። ሰነዱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዱብ አለ፣ ዶላሩ 110 ብር ካለፈ በኋላ። 1.2 ሚሊዮን ብር ያዘጋጀሁለት ቀሪ 21 ሺህ ዶላር ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ቅርንጫፉ ሄጄ ብለምን ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ በዕለቱ ምንዛሪ ነው የምንሠራው» አለችኝ። ብድር ጨምሩልኝ ስል ባንኮች ለሚሰጡት ብድር ጣሪያ አለ ተባለ። የጀሪካኑ ብር? አልቋል። ለደሞዝና ለመብራት ሄዷል። ቀረጥና ቫትም የሚሰላው በዕለቱ ምንዛሪ ስለሆነ እሱንም ደምርበት።

ከአምስት ማሽን ሁለቱን አራት ወር አቆምኩ። ግን አንድም ሠራተኛ አላባረርኩም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ከቆራሌው ፕላስቲክ እየገዛን፣ አጥበንና ፈጭተን ለልብስ ማጠቢያ ሳፋ አዋልነው። የመጀመሪያው ሳፋ እጀታው አመድ መሳይ ሆኖ ወጣ። ተሸጠ ግን!

አሁን ዋጋ ስሰጥ ወረቀቱ ላይ «ለ3 ቀን ብቻ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ ይቀየም። ያኔ ሁለት አይሱዙ የጫነው ደንበኛዬ እስከ ዛሬ በተደዋወልን ቁጥር «ከዚያች ከድሮዋ ዋጋ የቀረ የለም?» እያለ ይስቅብኛል።