ዓሦቹ ቆስጣውን ለምን እምቢ አሉ?

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ «ልጆቼ 8 ጋፒና 3 ሞሊ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አሏቸው። አኳሪየሙ 60 ሊትር ይይዛል። የዓሣ ምግብ ስለተወደደብኝ ቆስጣና ካሮት ከትፌ ጨመርኩላቸው። ዞር ብለውም አላዩት። በማግስቱ ውሃው ነጭ ሆነ፣ መሽተትም ጀመረ። አንዷ ጋፒ ሞተች። አትክልት አይስማማቸውም ማለት ነው?»

እህቴ፣ በደንብ ይስማማቸዋል። ሞሊ እንዲያውም አልጌ እየጋጠ የሚኖር ዓሣ ነው። ችግሩ አትክልቱ ጥሬ መሆኑ፣ መብዛቱና ውሃው ውስጥ ማደሩ ነው። የጋፒ አፍ ጥሬ ካሮት አይችልም። ያልተበላው ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባል፤ ውሃውን ነጭ ያደረገው እሱ ነው። ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ይሻማቸዋል፣ ከብስባሹ ደግሞ አሞኒያ የሚባል ዓሣን የሚመርዝ ነገር ይወጣል። ጋፒዋንም የጎዳት ይኸው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ውሃውን እናድን። የቀረውን ፍርፋሪ በቀጭን ጎማ ስበው ያውጡ። ከውሃው ሩቡን ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ማጥፊያ ጠብታ ይጨምሩበት። የጠዋቱ ውሃ ይቀዘቅዛልና ከአኳሪየሙ ሙቀት ጋር ሳይቀራረብ አይገልብጡት። ዛሬና ነገ ምንም አያብሏቸው። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ሁለት ቀን ቢጾም አይጎዳም።

ከዚያ በኋላ በዝኩኒ ይጀምሩ። ከጉሊት አንድ ትንሽ ዝኩኒ ይበቃዎታል። ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል በደንብ አጥበው ይላጡት። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ይቁረጡና የሚፈላ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች አንድ ደቂቃ ይበቃዋል ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይዘገያል። ሰዓቱን ይተዉትና አትክልቱን ይዩት። ዳር ዳሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል፣ በጥፍርዎ ሲነኩት ያለ ትግል ሲበሳ፣ ግን ክቡ ሳይፈርስ ያውጡት። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። በዚህ መልክ የለሰለሰ ዝኩኒ ዓሦቹ ዙሪያውን ከበው ይቆነጥሩታል። ከተንሳፈፈ በንጹህ የማይዝግ ሹካ ወግተው ያስጥሙት።

አንድ ነገር አደራ፦ ለቤተሰቡ ከተቀቀለው ላይ ቀንሰው አይስጡ። ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርት የነካው ነገር ለእነሱ አይሆንም።

አረንጓዴ አተርም ግሩም ነው፤ በተለይ ሆዱ ለተነፋ ዓሣ። የበሰለውን ፍሬ በሁለት ጣት ጫን ሲያደርጉት ከቆዳው ሾልኮ ይወጣና ለሁለት ይከፈላል። ቆዳውን ይጣሉ። የውስጡን በማንኪያ ጀርባ ይጨፍልቁትና እንደ ጤፍ ፍሬ አድቅቀው ይስጧቸው። ለ10 ዓሣ አንድ ፍሬ ይበቃል። አውቃለሁ፣ ያንስብዎታል። ግን የጋፒ ሆድ ከዓይኗ ብዙም አይበልጥም።

ቆስጣውን ከወደዱት ወፍራሙን አጥንቱን አውጥተው ቅጠሉን ብቻ ገንፈል ያድርጉት። ካሮት እስኪፈርስ መብሰል አለበት። ኪያር ያው ውሃ ነው፤ ቢሰጧቸው ባይሰጧቸው ለውጥ የለውም።

አተሩ በአምስት ደቂቃ ካላለቀ የቀረውን በመረብ ያውጡ። ዝኩኒው ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ ችግር የለም፤ ከመተኛትዎ በፊት ግን መውጣት አለበት። በሳምንት ሁለት ቀን አትክልት ይበቃል። ጋፒ ፕሮቲን ስለምትፈልግ ደረቁን ምግብ ጨርሰው አይተዉት፤ ጫጩቶች ካሉማ በጭራሽ።

አኳሪየሙ ውስጥ ሳይገባ የተረፈውን ዝኩኒ ከትፈው በበረዶ መስሪያው ፕላስቲክ ፍሪዘር ያስገቡት። መብራት ጠፍቶ ከሟሟ ግን መልሰው አያቀዝቅዙት፣ ይጣሉት። መብራት በጠፋበት ሰዓት አትክልት አይስጡ። የአየር ፓምፑ ቆሟል፣ ኦክስጅኑ እያነሰ ነው። ቀድመው ያስገቡት ካለም ሻማውን እንደለኮሱ መጀመሪያ እሱን ያውጡ።