ለሦስት ጨረታ ሦስት ጊዜ የተከፈለ የመላኪያ ዋጋ፦ ምን ያህሉን ማስመለስ ይቻላል?

እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ በተካሄደ ጨረታ ከአንድ አሜሪካዊ ሻጭ ሦስት የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብር ስብስቦችን አሸንፈው ለእያንዳንዱ 6 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በድምሩ 19 ዶላር ከ50 ሳንቲም የመላኪያ ከፍለዋል። ሦስቱም ግን በአንድ ፖስታ ታሽገው የደረሱ ሲሆን፣ በፖስታው ላይ የታተመው የፖስታ ቤት ሒሳብ 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህም ልዩነቱን ማስመለስ ይችሉ እንደሆነ፣ አቤቱታ ማቅረብም ይገባዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የምኖርና የአገራችንን ቴምብሮችና መጻሕፍት ከዚሁ ገበያ ለብዙ ዓመታት ስሰበስብ የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ ይህን ዓይነቱን ክርክር በገዢነትም በአማካሪነትም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አጭሩ መልሴ፣ ከልዩነቱ ከፍ ያለውን ክፍል ሻጩን በጽሑፍ ጠይቀው የማግኘት ዕድልዎ ጥሩ ነው፤ በአቤቱታ ግን አያገኙትም የሚል ነው።

አቤቱታው የማያዋጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። የመላኪያ ዋጋው ከዕቃው ሥዕል አጠገብ ተጽፎ እያዩት ዋጋ ከሰጡ፣ ያ ዋጋ የስምምነቱ አካል ሆኗል ማለት ነው። ኢቤይ ለገዢ የሚሰጠው የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና ዕቃው ሳይደርስ ሲቀር፣ ተሰብሮ ወይም ተበላሽቶ ሲመጣ፣ ወይም ከተገለጸው የተለየ ሆኖ ሲገኝ የሚሠራ እንጂ፣ በተከፈለው የመላኪያ ዋጋና በእውነተኛው የፖስታ ሒሳብ መካከል ያለውን ልዩነት አይመለከትም። አንዳንድ ሰዎች ይህንን ለመሻገር «ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም» የሚለውን ምርጫ ተጭነው ክስ እንዲከፍቱ ይመክራሉ፤ እኔ ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ቴምብሮቹ በትክክል እንደተገለጹት ደርሰውዎታል፤ ሐሰተኛ ክስ ሻጩን ይበድላል፣ በእርስዎም መዝገብ ላይ ጥሩ ያልሆነ ምልክት ሊተው ይችላል።

ከመጻፍዎ በፊት ግን ፍትሐዊው መጠን ስንት እንደሆነ አስልተው ይነሡ። በፖስታው ላይ የሚታየው 5 ዶላር ከ40 የሻጩ ወጪ በሙሉ አይደለም። ኢቤይ ከሻጩ የሚቆርጠው ኮሚሽን የሚሰላው የመላኪያ ክፍያውንም ጨምሮ ነው፤ በአብዛኛው የዕቃ ዓይነት ከ13 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ ከ19 ዶላር ከ50ው ላይ ብቻ ወደ 2 ዶላር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ቴምብር እንዳይታጠፍ የሚገባበት ጠንካራ ካርቶን፣ የሚሸፈንበት ስስ ወረቀትና ፖስታው ራሱ ደግሞ አንድ ዶላር ያህል ቢይዙ፣ ሻጩ ያወጣው ወደ 9 ዶላር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 14 ዶላር ከ10 መልስ ብለው ከሚጠይቁ ይልቅ 10 ዶላር ቢጠይቁ፣ ጥያቄዎ ራሱ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ መሆኑን ይናገራል። ሻጮች በአብዛኛው የሚቆጡት ገዢው ከፖስታ ቤቱ ሒሳብ በቀር ሌላ ወጪ የሌለ አስመስሎ ሲከራከራቸው ነው።

መልእክቱ አጭርና የተወሰነ ይሁን። ዕቃዎቹ በጥሩ ሁኔታ እንደደረሱ አመስግነው ይጀምሩ፤ ሦስቱ ጨረታዎች በአንድ ፖስታ መላካቸውን፣ የመላኪያው ግን ሦስት ጊዜ መከፈሉን ይግለጹ፤ የማሸጊያውንና የኮሚሽኑን ወጪ ግምት ውስጥ አስገብተው 10 ዶላር በከፊል ተመላሽነት እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ሻጩ ከሽያጭ ገጹ ላይ ከፊል ተመላሽ ለመላክ የሚያስችለው መንገድ ስላለው ዕቃውን መመለስ አያስፈልግም። በኢቤይ የመልእክት ሥርዓት ውስጥ ብቻ ይጻፉ፤ ከዚያ ውጭ በተባለ ነገር ላይ ማስረጃ አይኖርዎትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ካልመለሱልኝ መጥፎ አስተያየት እሰጣለሁ» የሚል ቃል በጭራሽ እንዳይጽፉ። በአስተያየት እያስፈራሩ በዝርዝሩ፣ ማለትም ሻጩ ለዕቃው ባወጣው የሽያጭ ማስታወቂያ፣ ቃል ያልተገባልዎን ነገር መጠየቅ በኢቤይ ደንብ የተከለከለ ነው፤ እውነት ይዘው ሳለ ጥፋተኛው እርስዎ ይሆናሉ።

ይህ ክርክር ድሮ ከዛሬው እጅግ የከፋ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ በአሜሪካው ኢቤይ ኮሚሽን የሚቆረጠው ከዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ስለነበር፣ አንዳንድ ሻጮች ዕቃውን በ1 ዶላር አቅርበው ትርፋቸውን በመላኪያው ውስጥ ይደብቁት ነበር። በዚያ ዓመት መላኪያውም ኮሚሽን ውስጥ ሲገባ ዋናው ጥቅም ቀረ፤ ልማዱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ነገር ግን ከፍ ያለ የመላኪያ ዋጋ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም፤ ይህንን የምለው በተለይ መሶብ፣ ሙዳይና የመሳሰለውን የስፌት ሥራ ለሚገዙ አንባቢዎች ነው። አንድ ወዳጄ ከምዕራብ አሜሪካ የአንዲት አሮጊት ንብረት ሲሸጥ የወጣ የሐረር መሶብ ተጫርቶ ካሸነፈ በኋላ፣ ክብደቱ 5 ፓውንድ ለማይሞላ ዕቃ ያን ያህል መላኪያ እንዴት ይጠየቃል ብሎ ሻጩን ሊከስ ተነሥቶ ነበር። አብረን ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራነው። የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት እያንዳንዱ 18 ኢንች ነበር፤ ሲባዛ 5,832 ኪዩቢክ ኢንች ይሆናል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከአንድ ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከ1,728 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥን ጥቅል የሚያስከፍለው በሚዛን ብቻ ሳይሆን በያዘው ቦታ ጭምር ነው። መጠኑ ለ166 ይካፈላል፤ የተገኘው ቁጥር ወደ ላይ ተጠጋግቶ ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ፣ ሒሳቡ የሚሠራው በእርሱ ነው። ስለዚህ 5 ፓውንድ የማይሞላው መሶብ እንደ 36 ፓውንድ ተቆጠረ። ዩፒኤስና ፌዴክስ የተባሉት የግል አጓጓዦች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ139 ስለሚያካፍሉ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ላይ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ይጨመራል። ወዳጄ ክሱን ትቶ ሻጩን አመሰገነ፤ ሻጩ ከኪሱ ጨምሮ ልኮለት ነበርና። መሶብ ስትጫረቱ የካርቶኑን መጠን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የመሶቡን ክብደት ማወቅ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ለመጻሕፍት የሚጠየቀው ደግሞ ሌላ ነው። ሚዲያ ሜይል የተባለው የፖስታ ቤቱ አገልግሎት የሚያስከፍለው በክብደት ብቻ እንጂ በርቀት አይደለም፤ ስለዚህ ከካሊፎርኒያ ወደ ቨርጂኒያ የሚመጣ ከባድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከጎረቤት ከተማ እንደተላከ ያህል ይከፈልበታል። ሻጩ ውድ አገልግሎት መርጦ ካገኛችሁት በዚህ መንገድ እንዲልክ ከጨረታው በፊት ብትጠይቁት ብዙዎቹ ያደርጉታል። የንግድ ማስታወቂያ ያለባቸው መጽሔቶችና ጋዜጦች ግን በዚህ አገልግሎት መላክ አይፈቀድላቸውም፣ ፖስታ ቤቱም ጥቅሉን ከፍቶ የማየት መብት አለው፤ ስለዚህ የድሮ መጽሔት የሚሸጥ ሰው እንቢ ቢላችሁ አትቀየሙት።

በእውነት የሚያስቆጣኝ፣ ጨረታው ከተዘጋ በኋላ የመላኪያውን ዋጋ የሚለውጥ ሻጭ ነው። አንድ የብራና ቁራጭ ካሰብሁት በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ሳሸንፍ፣ ሻጩ በማግስቱ «መላኪያውን አሳንሼ ጽፌ ነበር፣ 20 ዶላር ጨምር» ብሎ ጻፈልኝ። ሻጭ በዝርዝሩ ላይ ካስቀመጠው የመላኪያ ዋጋ በላይ መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ የዝርዝሩን ገጽ ፎቶ አንሥቼ አስቀመጥሁ፣ በዝርዝሩ መሠረት ከፈልሁ፣ ከዚያም ስምምነታችን ይኸው ነው ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር መለስሁለት። ዕቃው ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ሰው ጨምሩ የሚለውን ገንዘብ ከኢቤይ ውጭ በሌላ መንገድ እንድትልኩለት ከጠየቀ ግን ፈጽሞ እንዳትልኩ፤ ያ ገንዘብ በምንም ዋስትና አይሸፈንም።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስና፣ ለወደፊቱ ከአንድ ሻጭ ብዙ ዕቃ ሲጫረቱ የመጀመሪያውን ዋጋ ከመስጠትዎ በፊት «ሁለትና ከዚያ በላይ ባሸንፍ መላኪያውን እንዴት ታጠቃልሉልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ካሸነፉ በኋላም የመክፈያውን ቁልፍ ወዲያው አይጫኑት፤ አጠቃላይ ሒሳብ ከሻጩ የሚጠይቁበት ምርጫ አለ፣ ለመክፈልም 4 ቀን ይሰጥዎታል። አንዳንድ ጊዜ ግን ገንዘቡ እንዳሸነፉ በራሱ ከካርድዎ ስለሚቆረጥ፣ ቅድሚያ መጠየቁ ይሻላል። ዋጋቸው ከ20 ዶላር በታች የሆኑ ቴምብሮችን ደግሞ እስከ 3 አውንስ ድረስ መከታተያ ባለው ቀላል ፖስታ መላክ ስለሚቻል፣ ሻጩ ይህን አገልግሎት ይጠቀም እንደሆነ ቢጠይቁ በእያንዳንዱ ግዢ ላይ ጥቂት ዶላር ይተርፍዎታል።

አሁን ለሻጩ ይጻፉለትና ጥቂት የሥራ ቀናት ይጠብቁ። ገንዘቡን ከመለሰ፣ ያንን በአስተያየትዎ ላይ በግልጽ ያመስግኑት። እንቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ደግሞ አስተያየት ለመስጠት 60 ቀን አለዎት፤ ለመላኪያ ዋጋ ለብቻው የተመደበውን የኮከብ መስጫ በእውነተኛው መጠን ይሙሉትና በጽሑፉ ላይ «ሦስት ጨረታ በአንድ ፖስታ ተልኮ መላኪያው ሦስት ጊዜ ተከፍሏል» ብለው የሆነውን ብቻ ያስፍሩ። ቴምብሮቹ እንደተገለጹት ስለመሆናቸው የሚሰጡት ኮከብ ግን ሙሉ ይሁን።