የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ በአደጋ ምላሽ ሥራ ምን ቦታ አላት?

የተከበርሽ እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የላክሽልኝን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ መሆንሽን፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ሳሉ በበጎ ፈቃደኝነት ስማቸውን ስትመዘግቢ መቆየትሽንና ልብሽ ከዚያ ወዲህ ወደ አደጋ ምላሽ ሥራ ማዘንበሉን ገልጸሻል። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፦ የተማርሽው ሙያ ለዚህ ሥራ ይጠቅም እንደሆነ፣ እንዲሁም በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ አሁኑኑ መጀመር ይሻልሽ እንደሆነ።

ሙያሽ ይጠቅማል። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ሳይሆን፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩበት ሥራ በአብዛኛው ቆጠራና ምዝገባ ስለነበረ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከሰሜን የመጡ ረሃብተኞች በዋናው መንገድ ዳር ወድቀው እያየን ወደ ክፍል እንገባ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ግን ገበያው ውስጥ እህል ይሸጥ ነበር። ለእኛ ለተማሪዎቹ ይህ እንቆቅልሽ ነበር፤ መምህራኖቻችንም ጉዳዩ በአደባባይ የማይነሳ ስለነበር ሊፈቱልን አልደፈሩም። ከዓመታት በኋላ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ መርምሮ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ያን ያህል እንዳልናረ፣ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበር አሳየ። ዝናቡ ቀርቶ አዝመራው ሲጠፋ፣ ከብቱም ሲያልቅና ሲረክስበት፣ ገበሬው ገበያ የወጣውን እህል የሚሸምትበት አቅም አጣ። ዛሬ ረሃብ ከመድረሱ በፊት ምልክቱን የሚከታተሉት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች ከዝናቡና ከሰብሉ ሌላ፣ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ ከገበያ ገበያ የሚመዘግቡት በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋንና ገቢን አያይዞ ማንበብ ደግሞ አንቺ የተማርሽው ነገር ነው።

ይበልጥ የምትፈለጊው ግን መጋዘን ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣ የእርዳታ እህል ኮምቦልቻ ሲራገፍ ሄደሽ ብታዪ፣ መጀመሪያ ዓይንሽን የሚስበው የጆንያው ክምር ሳይሆን በሩ ላይ ወረቀት ይዞ የቆመው ቆጣሪ ነው። የተቀደደ ጆንያ ለብቻው ይለያል፣ ይመዘናል፣ የጎደለው ኪሎ በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ይጻፋል፣ ሾፌሩም ይፈርምበታል። ይህ ፊርማ ከቀረ ጉድለቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ተብሎ በሚታደልበት ጊዜ፣ መጋዘን ላይ ሳይመዘገብ የቀረ አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ማለት ማከፋፈያው ላይ ሦስት ሰዎች የወር እህላቸውን አጥተው ይመለሳሉ ማለት ነው። ርኅራኄ ያላቸው ብዙ ወጣቶች ወደዚህ ሥራ ሲገቡ አይቻለሁ፤ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በሥራው የቆዩት ግን ይህን አሰልቺ ወረቀት የታገሡት ነበሩ።

ሁለተኛ ዲግሪውን በሚመለከት፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ብትሠሪ ይሻላል ባይ ነኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአደጋ ስጋት አመራርና በምግብ ዋስትና ዘርፍ ያስተምራል፤ የእርዳታ ስርጭት አይቶ የሚገባ ተማሪ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፣ መስክ ያላየ ግን ትርጓሜውን ሸምድዶ ይወጣል። እስከዚያው የመጋዘን ጸሐፊ፣ የስርጭት ተቆጣጣሪ ወይም የፋይናንስ ረዳት የሚሉ ማስታወቂያዎችን አትናቂ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ የኮንትራት ቅጥሮች ናቸው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሥራውም ስለሚዘጋ ቤተሰብሽ በደመወዝሽ ላይ ከመተማመኑ በፊት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። ኦሮምኛ የምትችይ ከሆነ በማመልከቻሽ ላይ ከፍ አድርገሽ ጻፊው፤ ባቲና ከሚሴ ላይ የሚቀጥር ድርጅት ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚያ ነው።

እናትሽ «ሴት ልጅ በረሃ ለበረሃ ትንከራተታለች» ብለው መስጋታቸውንም ጽፈሻል። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ መስክ አስቸጋሪ ነው። ሆኖም የጀማሪ የመጋዘን ሥራ አብዛኛው እዚያው ኮምቦልቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ከቤትሽ እየተመላለስሽ ልትሠሪው እንደምትችይ ንገሪያቸው።

የላክሽልኝ የሥራ ልምድ መግለጫ «ተፈናቃዮችን ረድቻለሁ» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም አይልም። ስንት አባወራ እንደመዘገብሽ፣ መዝገቡን በምን መልክ እንዳደራጀሽ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ስም እንዴት ለይተሽ እንዳወጣሽ ዘርዝረሽ ጻፊ። ያገለገልሽበትን ትምህርት ቤት አስተባባሪም ማኅተም ያለው የምስክር ወረቀት ጠይቂ። ያስተካከልሽውን ስትልኪልኝ ደግሜ አየዋለሁ።