ግቢ ውስጥ ሞተር መስራት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ለምን ፈላ?

አንድ ልጅ ከአለምገና እንዲህ ብሎ ጠይቆኛል። «ጋሼ፣ ሃይሉክስ ሰርፍ አለችኝ፣ ሞተሯ ዋን ኬዜድ ቱርቦ ናፍጣ ነው። ከጅማ ስመለስ የጊቤን ዳገት ስወጣ ፈላችብኝ፣ ከዛ ወዲህ ውሃ ትጠጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ታጨሳለች፣ ራዲያተሩም አረፋ ያወጣል። ጋራዥ ወስጃት ሞተሩ ይቀየር አሉኝ፣ ብሩ ደግሞ የለኝም። ግቢያችን ሰፊ ነው፣ ከወንድሜ ጋር ሞተሩን አውርደን ብንሰራው ምን ይመክሩኛል?»

ስማኝ ወንድሜ፣ መስራቱስ ይቻላል፣ እኔም የመጀመሪያ ሞተሬን ያወረድኩት ግቢ ውስጥ ነው፣ ከባህር ዛፍ አጣና ሶስት እግር ሰርተን የሰንሰለት ማንሻ ሰቅለንበት። ግን አንተ የነገርከኝ ምልክት ሁሉ የሚያሳየው ላይኛውን ክፍል ነው፣ ወይ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በታችኛው ብሎክ መሃል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው) ተሰንጥቋል፣ የዋን ኬዜድ ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ አንዴ በደንብ ከፈላ መጣመምም መሰንጠቅም ይወዳል። ስለዚ ሞተሩን ለማውረድ አትቸኩል፣ ታች ያለው ጤነኛ ከሆነ ለምን ትበትነዋለህ?

ከመፍታትህ በፊት ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚደርስበትን ግፊት፣ አስለካ። የቤንዚን መለኪያ ለናፍጣ አይሆንም፣ እስከ 40 ባርና ከዛ በላይ የሚያነብ ፈልግ። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር ለባህር ጠረፍ የተጻፈ ነው፣ እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ሩብ ያህል ቀንሶ ነው የሚያነበው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ሞተር «አልቋል» ተብሎ ተፈርዶበታል። አንተ ማየት ያለብህ የአራቱን ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለቱ ከወረዱ ጓርኒሲዮኑ በመሃላቸው ነው የሄደው። አራቱም ተቀራራቢ ሆነው፣ ሞተሩ እየሰራ የዘይት ክዳኑን ስትከፍት እንደ ጭስ ማውጫ ካልነፋ፣ ታችኛውን አትንካው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ለምን ፈላ? እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ንፍሮ ከመተሃራ ይልቅ እዚህ የሚዘገየውም ለዛ ነው። መኪናዋን የሚያድናት የራዲያተር ክዳኑ ነው፣ 0.9 ባር ግፊት ሲይዝ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማዋ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም፣ እንደ ጊቤ ያለ ዳገት ላይ ደግሞ ቱርቦው ለሞተሩ አየር ሙሉ ጭኖ እየነፋ ሙቀቱ ሲጨምር መፍላቱ የማይቀር ነው። የቧንቧ ውሃ እየሞላህ ከሆነ የራዲያተሩ ቱቦዎች በዝገትና በኖራ ሳይደፈኑ አይቀርም። ቴርሞስታቱንስ (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥተው ጥለውልሃል? ይሄ የኛ ሰፈር ፋሽን ነው፣ ብዙ ቶዮታ ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ባይፓሱንም (ራዲያተሩን የሚዘለውን መንገድ) ይዘጋል፣ ሲወጣ የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ይሄን ሳታስተካክል አዲስ ቴስታታ ብትገጥም በሚቀጥለው ዳገት ተመልሰህ እኔ ጋ ነህ።

ቴስታታው ሲነሳ ማሽን ሾፕ ወስደህ መጀመሪያ በግፊት ያስፈትሹልህ፣ ስንጥቅ ካለው ለመላግ ብር አታውጣ። መላግ ካስፈለገም በጥቂቱ ይሁን፣ ናፍጣ ሞተር ላይ በፒስተንና በቫልቭ መሃል ያለው ክፍተት በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙ ከተላገ ቫልቩ ፒስተኑን ይመታል። ጓርኒሲዮን ስትገዛ ሶማሌ ተራ ሄደህ «የዋን ኬዜድ» ብለህ ብቻ አትምጣ፣ ውፍረቱ ይለያያል፣ ጠርዙ ላይ ባሉት ቁርጦች ነው የሚታወቀው። ፒስተኑ ከብሎኩ ምን ያህል እንደሚወጣ በዳያል ጌጅ ለክተህ (ውፍረቱ የሚመረጠው በዚህ ነው)፣ የድሮውንም ይዘህ ሂድ። የቴስታታ ቡሎኖቹን አዲስ ግዛ። ቡሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ደግሞ በደንብ አድርቀው፣ ታች ዘይት ወይ ውሃ ቀርቶ ቡሎኑን ስታጠብቅ ብሎኩ ይሰነጠቃል፣ አንዴ ደርሶብኝ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ምናልባት ታችኛው ክፍል ተበላሽቶ ማውረድ ግድ ከሆነ፣ ሞተሩ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፣ የቆርቆሮ ቤት ማገር ላይ እንዳትሰቅለው። ከምንም በላይ አቧራ ፍራ፣ የየካቲት ንፋስ አለምገና ላይ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ፣ ወለሉን ውሃ እየረጨህ የተከፈተውን ሁሉ በላስቲክ ሸፍን፣ ፋሻና ብሮንዚን (የፒስተን ቀለበትና ዘንጉ የሚዞርበት ሽፋን) ከላስቲካቸው የሚወጡት ልትገጥማቸው ስትል ብቻ ነው።

ቱርቦውን ዘንጉን በጣትህ ይዘህ ወዝውዘው፣ ክንፉ ቤቱን እስኪነካ ከተወዛወዘ መታደስ አለበት። ይሄ ነገር በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፣ ለጥቂት ሰከንድ ዘይት ካጣ አለቀ። ስለዚ ስትጨርስ ቶሎ አታስነሳ፣ ቱርቦው የዘይት መግቢያ ላይ ዘይት ጨምርበት፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍጣ መዝጊያውን ሶሌኖይድ ገመድ ንቀልና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አዙር፣ በአንዴ ሳይሆን እያሳረፍክ። ከዛ ገመዱን መልሰህ አስነሳ። ወንድምህ አየር ማስገቢያው ጋ ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁም፣ ቱርቦው ዘይት ካፈሰሰ ሞተሩ ያንን እያነደደ በቁልፍም አልጠፋ ሊል ይችላል፣ ያኔ አፉን በጣውላ መድፈን ነው፣ እጁን እንዳያስገባ ግን።

ለማንኛውም ነገ ክዳኑን ቀይርና የኮምፕሬሽኑን አራት ቁጥር ላክልኝ፣ እስከዛ ቡሎን አትፍታ።